ፀሐይ ቦምብ አልጣለችም

ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን ከእጅ እጅ እየተቀባበለ የሚነበበውን፣ በጣሊያን ወረራ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ስለተሠራችው ስለ «ፀሐይ» አውሮፕላን የተጻፈ ጽሑፍ አንብባ ወጥ ቤት ድረስ መጣችና «አባዬ፣ ፀሐይ ስንት የጣሊያን አውሮፕላን መትታ ጣለች?» አለችኝ። «አንድም» አልኳት። ፊቷ ቅጭም አለ። እኔም ያን ቀን ማታ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ከዚያ መልስ ሳልጽፍ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይኼ ነው። ፀሐይ ማይጨው ድረስ ዘምታ ፋሺስትን ከሰማይ ደበደበች። የአገራችን የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ናት። ከብሎን እስከ ሞተር በኢትዮጵያውያን እጅ ብቻ ተሠራች። ስሟ የተሰጣት የኢትዮጵያ ፀሐይ ወጣች ለማለት ነው። ጣሊያን ስለፈራት ለይቶ ማረካት። እንደ እሷ ያሉ መቶ ቢኖሩን ኖሮ አንሸነፍም ነበር። በመጨረሻም ጣሊያን በ2016 በልግስና መለሰልን።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። አገራቸውን እንደሚወዱ ከእያንዳንዱ መስመር ያስታውቃል። እኔም ፀሐይን እወዳታለሁ፣ ስለዚህ የምንጣላበት ነገር የለም። ግን ከዘረዘሯቸው ነገሮች አንዱም እንዳለ አይቆምም። አንድ በአንድ ልሂድበት። ቀኖቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

«ማይጨው ዘምታ ፋሺስትን ደበደበች»

አልዘመተችም።

የጣሊያኑ ጄኔራል የዴ ቦኖ ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ነው። ያኔ ፀሐይ ገና ከመሬት አልተነሳችም። መጀመሪያ የበረረችው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ገደማ ነው፤ ያም የሙከራ በረራ ነበር። አዲስ አበባ ደግሞ ሚያዝያ 27 ተያዘች። በመሐል ያለው አራት ወር ከምናምን ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥም የበረረችው በጣም ጥቂት ነው። ማይጨው ላይ መጋቢት 22 የተዋጉት እግረኞችና ፈረሰኞች ነበሩ፤ በላያቸው የሚያንዣብበው የጣሊያን አውሮፕላን እንጂ የእኛ አልነበረም።

ደግሞ ምን ዓይነት አውሮፕላን እንደሆነች እናስብ። ቀላል፣ ትንሽ፣ የሲቪል አውሮፕላን ናት። መትረየስ አልተጠመደባትም። ቦምብ ማንጠልጠያ የላትም። የዚያ ዘመን ቀላል አውሮፕላን አብራሪውን፣ ነዳጁን፣ ቢበዛ አንድ ሰው ይዞ ከተነሳ ጀግና ነው። ከአዲስ አበባ ማይጨው በአየር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመሐሉ ከ3,000 ሜትር የሚያልፉ ተራሮች አሉ።

ከፍታው ራሱ አንድ ጠላት ነበር። ጣርማ በርን በአሮጌ መኪና የወጣ ሰው የምለው ይገባዋል። መኪናው ያቃስታል፣ ማርሽ ይቀነሳል፣ ነዳጅ ብትረግጡም አይሄድም። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ በቂ አየር አይስብም። አዲስ አበባ ላይ፣ በ2,400 ሜትር፣ የባሕር ጠለል ላይ መቶ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሩቡን ያህል ጉልበቱን ያጣል። ክንፉም በስስ አየር የሚያነሳው ያንሳል፣ ስለዚህ ሜዳው ላይ ብዙ መሮጥ አለበት። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ለአውሮፓ ሜዳ የታሰበች ትንሽ አውሮፕላን እዚህ መነሳቷ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። እዚያ ላይ ቦምብ ልጫንባት ማለት በጨቅላ ውርንጭላ ላይ ማዳበሪያ መጫን ነው።

ግን በዚያ ጦርነት የኛ አውሮፕላኖች ምንም አልሠሩም ማለቴ አይደለም። ሠርተዋል። ጸሐፊው የዘለሉት ይኼን ነው፣ እኔንም በጣም ያንገበገበኝ ይኼ ነው።

በጦርነቱ ጊዜ ኢትዮጵያ የነበራት አውሮፕላን በጣት የሚቆጠር ነው፤ የተወሰኑትም በመለዋወጫ እጦት አይነሱም። የጀርባ አጥንቱ ፖቴዝ 25 የሚባለው የፈረንሳይ ባለ ድርብ ክንፍ ነበር። ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን፣ «ቡናማው ንስር» እያሉ ጋዜጦች የጻፉለት፣ አየር ኃይሉን በኮሎኔልነት ይመራ ነበር። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ደግሞ ገና በ1922 እና 1923 መብረር የተማሩ የኛ አብራሪዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች የሚሠሩት መልእክት ማድረስ፣ ሰው ማመላለስ፣ መድኃኒት መውሰድ ነበር። መሣሪያ የለም። አጃቢ የለም። ሬዲዮ እንኳ የለም። የጣሊያን አውሮፕላን ከሩቅ ካዩ ያላቸው አማራጭ ወደ ሸለቆ ዝቅ ብሎ፣ ከገደሉ ሥር ተጠግቶ፣ ደመና ፈልጎ መደበቅ ነው። ሮቢንሰን ጦርነቱ በተጀመረበት ዕለት ዓድዋ ነበር፤ ከተማዋ ስትደበደብ በዓይኑ አይቷል።

ከእነሱ ጎን የቀይ መስቀል አብራሪዎች ነበሩ። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በሃያዎቹ ዕድሜው ሃይንከል የምትባል ቀላል ባለ ድርብ ክንፍ ይዞ መጣ። ይህች ናት የሲቪል አውሮፕላን በጦርነት ምን እንደምትሠራ ያሳየችው። ለማሠልጠኛ የተሠራች አሮጌ ማሽን ናት፤ እሱ ግን አምቡላንስ አደረጋት። በኋላ ደግሞ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የነበረውን ፎከር እያበረረ መድኃኒትና ሐኪም ወደ ሰሜኑ ግንባር ያመላልስ ነበር።

ቁስለኛ በአውሮፕላን መውሰድ ያኔ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከኮረም አዲስ አበባ በበቅሎ የሳምንታት መንገድ ነው። የተመታ ሰው በቃሬዛ ሲወሰድ መንገድ ላይ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ይሞታል። አውሮፕላን ግን በሰዓታት ያደርሰዋል። አንድ በረራ አንድ ሁለት ነፍስ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ለእናቱ ግን ትንሽ አይደለም።

ያ ፎከር በመጋቢት 1928 ኮረም ላይ፣ መሬት ላይ እንደቆመ፣ በጣሊያን አውሮፕላኖች ወደመ። ቀይ መስቀሉ ተቀብቶበት ነበር፤ አላዳነውም። ቀይ መስቀል ያለበትን መምታት ለጣሊያን አዲስ ነገር አልነበረም። ታኅሣሥ 20 ቀን በደቡብ ግንባር፣ መልካ ዲዳ ላይ፣ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ድንኳኑ ሁሉ ምልክት እያለበት ተደብድቧል፤ በሽተኞች አልቀዋል፣ ጉናር ሉንድስትሮም የሚባል ስዊድናዊም ሞቷል። ከዚያ በፊት ኅዳር 26 ደሴ ስትደበደብ የአሜሪካውያን ሆስፒታል ተመትቷል። በኮረም በኩል የነበረው የእንግሊዞቹ የዶክተር ሜሊ አምቡላንስም አልቀረለትም።

እንግዲህ ወንድሜ ጸሐፊው፣ በአየር የዘመተና የተቃጠለ አውሮፕላን ከፈለጉ እዚያ ኮረም ሜዳ ላይ አለልዎ። ፀሐይን አንስተው ማይጨው ሲያዘምቷት ያንን ፎከርና የእነ አስፋው አሊን ድካም ከታሪኩ እያስወጧቸው ነው። ቦታው አንድ ነው፤ አንዱን ሲያስገቡ ሌላው ይወጣል።

ፎን ሮዘን፣ ስሙን ካነሳነው አይቀር፣ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ቢሾፍቱ ላይ የአየር ኃይላችንን ልጆች ለዓመታት አሠልጥኗል። በመጨረሻም በሐምሌ 1969፣ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ፣ ጎዴ ላይ ተገደለ። ለተራቡ ሰዎች እህል ለማድረስ ነበር እዚያ የሄደው። ሮቢንሰንም ተመልሶ መጣ፤ በ1946 አዲስ አበባ ላይ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ቆስሎ ሞተ። ሁለቱም አፈራችን ውስጥ የቀሩ ሰዎች ናቸው።

«የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ናት»

እዚህ አንድ ቃል ወድቃለች። ፀሐይ «ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራች» የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ናት። «የተሠራች» የምትለው ቃል ስትጠፋ ሌላ ታሪክ ይሆናል።

የመጀመሪያው አውሮፕላን የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ነው፤ ፖቴዝ 25 ነበር፣ ያበረረውም ማዬ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ከሳምንታት በኋላ የጀርመኑ ዩንከርስ ተከተለ። ሕዝቡ «የሰማይ ባቡር» ይለው ነበር። እንዲያውም በአውሮፕላን ጦርነት የተካሄደበትን የመጀመሪያ ቀን ከፈለጉ መጋቢት 22 ቀን 1922 አንቺም በሚባለው ቦታ የሆነው ነው። ባመፁት በራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ላይ መጀመሪያ ወረቀት፣ ከዚያ ቦምብ ተጣለ። ያሳዝናል፤ ወንድም በወንድም ላይ ነበር። ግን ሆኗል፣ ፀሐይ ከመወለዷ ከአምስት ዓመት በፊት።

ጂፕሲ ሞዝ የምትባል ቀላል ባለ ድርብ ክንፍም ነበረችን። እሷን ደግሞ ሁበርት ጁልያን የሚባለው፣ ከትሪኒዳድ ተወልዶ በሃርለም ስሙ የገነነ ሰው፣ ለንግሥናው በዓል ልምምድ ሲደረግ ሳይፈቀድለት አስነስቶ ባሕር ዛፍ ውስጥ ከሰከሳት። ጃንሆይ ከአገር አባረሩት። በዓሉ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ነበር፤ ቀናት ሲቀሩት መሆኑ ነው።

«በኢትዮጵያውያን እጅ ብቻ»

ይኼ እንኳን ለክፋት የተጻፈ አይመስለኝም። ግን ሉድቪግ ቬበር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስና አብራሪ ነበር፤ ሥራውን የመራው እሱ ነው። ንድፉ ማይንድል ከሚባል ኦስትሪያዊ የመጣ ነው። ለዚህም ነው ጣሊያን ሙዚየም ውስጥ ሳለች የቬበርና የማይንድል ስም «ኢትዮጵያ 1» ከሚለው ከሌላው ስሟ ጋር ተያይዞ የተጻፈው። ሞተር ደግሞ ያኔ እዚህ አገር የሚያመርት አልነበረም።

ታዲያ ኢትዮጵያውያኑ ምን ሠሩ? ሠርተዋል። ከቬበር ጋር አብረው ነው የሠሩት። የዚያ ዘመን ትንሽ አውሮፕላን እንዴት እንደሚሠራ ያየ ሰው ይኼን አያቃልልም። የክንፉ አጥንት ከቀጭን እንጨት ነው፤ እያንዳንዷ ጎድን ተለክታ ትላጋለች፣ በሙጫ ትያያዛለች። አንዷ ከሌላዋ በትንሹ ከተዛባች ክንፉ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ አብራሪው አየር ላይ ሲታገል ይውላል። ከዚያ ጨርቅ ይለብሳል። ጨርቁ በመርፌ ከጎድኖቹ ጋር ይሰፋል። በላዩ ላይ የሚቀባ ነገር አለ፣ ሲደርቅ ጨርቁን ይሰበስበዋል። ቀቢው በጣቱ ሲመታው ድም ድም ማለት አለበት፤ ልክ ከበሮ ላይ ቆዳ ሲወጠር እንደሚፈተሸው። ይህን በጥንቃቄ የማይሠራ እጅ ሰው ይገድላል። ፀሐይ ተነስታ በረረች፣ በሰላምም አረፈች። የእነዚያ እጆች ምስክርነት ይኼ ነው። «ብቻ» ማለት ሳያስፈልገን ልንኮራባቸው እንችላለን።

ስሟን በተመለከተ ብዙ አልቆይም። ፀሐይ የተባለችው በልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ስም ነው። ልዕልቷ ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። በስደት ለንደን ውስጥ ነርስነት ተምራ ለሕፃናት ሆስፒታል ሠራች፤ ከነጻነት በኋላ ነቀምት ላይ ነሐሴ 1934 በ22 ዓመቷ ሞተች። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው በእሷ ስም የተሠራው ነው። በነርስ ስም የተሰየመችን አውሮፕላን ቦምብ ጣይ ማድረግ ለእኔ ይከብደኛል።

«ጣሊያን ስለፈራት ማረካት»

ጣሊያን በሰሜንና በደቡብ በመቶዎች የሚቆጠር አውሮፕላን ነበረው። ከቦምብ ጣዮቹ ካፕሮኒው አለ፣ ሳቮያው አለ። አንዲት መሣሪያ የሌላት ትንሽ አውሮፕላን የሚፈራበት ምክንያት የለም።

የፈራውንማ አቃጠለ። ወይም መርዝ ረጨበት። ፀሐይ ለመጀመሪያ ጊዜ በበረረችበት በዚያ ሰሞን ነው ተከዜ አካባቢ የመርዝ ጋዙ የጀመረው፤ ገበሬው፣ ከብቱ፣ ወንዙ ሳይለይ። አዲስ አበባ ላይ የእንጨት ጎድን የሚላግባት ሰሜኑ ላይ ደግሞ የሰው ቆዳ የሚላጥባት አንድ ታኅሣሥ ናት። ይኼን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስብ ዝም ነው የምለው።

ፀሐይን ያጣናት በውጊያ አይደለም። ጃንሆይ ሚያዝያ 24 በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከተማው ውስጥ ሦስት ቀን ዝርፊያና ቃጠሎ ሆነ፤ ያ የኮረሙ ዶክተር ሜሊ ቁስለኛ ለመርዳት ወጥቶ የተመታው በዚያን ሰሞን ነው፣ ሞተም። ሚያዝያ 27 የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ገባ። ፀሐይም ከተማው ውስጥ ካሉት ነገሮች ጋር እጁ ገባች። አልተኮሰችም፣ አልተተኮሰባትም። ወሰዳት።

ለምን ወሰዳት? የአክሱምን ሐውልት ለምን ወሰደ? ለገሃር የነበረውን የአንበሳ ሐውልት ለምን ነቅሎ ሮም አቆመ? ለሕዝቡ ሊያሳይ ነው። «ይኼው አሸነፍን» ለማለት። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አለ፣ ጸሐፊው ቢያነሱት ኖሮ እጃቸውን እጨብጥ ነበር። ፋሺስቱ ለዓለም ይሰብክ የነበረው ኢትዮጵያ አረመኔ አገር ናት፣ ልናሠለጥናት ነው የገባነው ብሎ ነው። ያው ሰው ከአዲስ አበባ ሲመለስ የተሸከመው ምርኮ እዚያው ከተማ የተሠራ አውሮፕላን ነበር። ኋላም ጣሊያን ሮም አጠገብ፣ ብራቻኖ ሐይቅ ዳር፣ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚባለው የአየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ ሲያኖራት፣ ፋሺስቱ የሰበከውን ስብከት የሚያፈርስ ማስረጃ በገዛ ቤቱ አስቀመጠ።

«መቶ ቢኖሩን ኖሮ»

ባጭሩ፣ አይሆንም። መቶ አውሮፕላን መቶ አብራሪ ይፈልጋል። ያኔ የነበሩን አብራሪዎች ስማቸውን ቁጭ ብሎ በአንድ ትንፋሽ መጥራት ይቻላል። ገና እየተማሩ ነበር፤ ሙሉእመቤት እምሩም ከተማሪዎቹ አንዷ ነበረች፣ ጦርነቱ ትምህርቷን አቋረጠባት። ነዳጁም፣ ሞተሩም፣ መለዋወጫውም በጅቡቲ ወደብ ነው የሚገባው። ጦርነቱ ሲቃረብ ኃያላኑ መንግሥታት ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ጣሊያን ራሱ ይሠራ ስለነበር ምንም አልጎደለበትም፣ የተጎዳነው እኛ ነን። በኋላ በኅዳር ወር ጣሊያን ላይ ማዕቀብ ሲጣል ደግሞ ነዳጁን ሳይነኩ ተዉለት። የጣሊያን አውሮፕላን እስከ መጨረሻው ነዳጅ አልቸገረውም። ያሸነፈን ይኼ ነው፤ የእኛ ሰው ወኔ አልጎደለውም፣ የፀሐይ ቁጥር ማነስም አይደለም።

«በልግስና መለሰልን»

ይኼ የመጨረሻው ነው፤ ከሁሉ ያናደደኝም እሱ ነው።

ፀሐይ ጥር 21 ቀን 2016 ጣሊያን ውስጥ ርክክብ ተደርጎባት ተመለሰች። ደስ ብሎኛል። ያን ቀን ፎቶዋን ለልጄ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ግን ስጦታ አይደለችም። እ.ኤ.አ. የካቲት 10 ቀን 1947 ፓሪስ ላይ ጣሊያን የፈረመው የሰላም ውል አለ። አንቀጽ 37 በግልጽ ይናገራል፤ ጣሊያን ከመስከረም 22 ቀን 1928 ወዲህ ከኢትዮጵያ የወሰደውን የጥበብ ሥራ፣ የሃይማኖት ዕቃ፣ ሰነድና ታሪካዊ ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ በ18 ወር ውስጥ ይመልሳል። ቀኑን ልብ በሉ። ውሉ የሚቆጥረው ጦሩ መረብን ከተሻገረበት ዕለት ጀምሮ ነው። ፀሐይ ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው የተወሰደችው።

ውሉ የጸናው በዚያው የፈረንጆች ዓመት መስከረም ላይ ነው። 18 ወር ሲደመርበት በእኛ መጋቢት 1941 ይሆናል። ልጄ በወረቀት ደምራ ቀንሳ 75 ዓመት ገደማ ዘገየ አለችኝ። የአክሱም ሐውልትም በ1997 ነው የመጣው፣ እሱም በዚሁ አንቀጽ ሥር የነበረ ዕዳ ነው። የአንድ ሰው ላም ተሰርቃ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ «በፋሲካ ትመለስ» ተብሎ ተፈርዶ፣ ሌባው በልጅ ልጆቹ ዘመን ቢያመጣት፣ ባለቤቱ ላሙን ተቀብሎ በረት ያስገባል። «እግዜር ይስጥልኝ» ግን አይልም።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ለማረም ፈቃደኛ ከሆኑ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ሰው ያነባቸዋልና። ማይጨውን ያውጡት፣ የኮረሙን ፎከር ያስገቡት፣ «የተሠራች» የምትለዋን ቃል ይመልሷት። «በልግስና» የሚለውን ግን ከሁሉ በፊት ይሰርዙት።